ለሠላሳ ዶላር የተማለ መሐላ

ሃያ ስምንት ዓመት ደሴ ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ፣ ከእንግዲህ የሰው ሙግት የያዘ ወረቀት አላገላብጥም ብዬ ነበር። ይህን ያፈረሰችብኝ አሜሪካ ተወልዳ ያደገችው የእህቴ ልጅ ናት። አባቷ የኬንታኪ ሰው ነው። በእርሱ ወገን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ወግ አለ፦ ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ አሜሪካ ከእንግሊዝ አገዛዝ በተላቀቀችበት ጦርነት መኮንን ነበር፤ ለጀግንነቱም ከጆርጅ ዋሽንግተን እጅ ጎራዴ ተሸልሟል ይባላል። ጎራዴውን ያየ ሰው ግን የለም። ልጅቱ ወጉ እውነት መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ማስረጃ ለመለየት ተነሣች፤ መንገዱ ሲጠፋባት ደግሞ እናቷ “አጎትሽ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው” ብላ ወደ እኔ መራቻት።

እነሆ ከዓመት በላይ ሆነን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እዚያ ገና ቀትር አለፍ ሲል፣ ትደውልልኛለች፤ የአሮጌ መዝገብ ገጾችን ምስል ትልክልኝና አብረን እናያቸዋለን። ቤቴ ጦሳ ተራራ ሥር ስለሆነ በክረምት ጉሙ እስከ ደጃፌ ይወርዳል፤ መብራቱና ኔትወርኩ ተያይዘው የሚጠፉባቸው ምሽቶችም ጥቂት አልነበሩም። እንግሊዝኛውን የምታነበው እርሷ ናት፤ እኔ የማነበው መዝገቡን ነው። የትኛው ቃል የባለጉዳዩ፣ የትኛው የጸሐፊው ልማድ እንደሆነ፣ ከየትኛው ገጽ በኋላ ገጽ እንደጎደለ ለመለየት ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

ልጅቱ የጀመረችው፣ ማንም እንደሚያደርገው፣ ከጦሩ መዝገብ ነው። የነጻነት ጦርነታቸው እ.ኤ.አ. ከ1775 እስከ 1783 የተካሄደ ሲሆን፣ በዋሽንግተን ከተማ የነበረው የጦር ሚኒስቴራቸው ጽሕፈት ቤት በኖቬምበር 1800 በእሳት ጋየ፤ በ1814 ደግሞ እንግሊዞች ከተማዋን ሲያቃጥሉ በመዝገቦቹ ላይ ሌላ ጉዳት ደረሰ። መዝገብ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ የደሴ ሰው በ2014 ዓ.ም. በዓይኑ አይቶታልና ይህን ስትነግረኝ ብዙ ማብራራት አላስፈለጋትም። በ1890ዎቹ የመንግሥት ጸሐፊዎች ከተረፉት የስም ጥሪና የደመወዝ መዝገቦች የእያንዳንዱን ወታደር ስም እየለቀሙ ወደ ካርድ ገለበጡ። ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው ያስቀመጣቸው እነዚህ ካርዶች ተነሥተው በኢንተርኔት ይታያሉ። ካርዱ የሰውዬውን ስም፣ ማዕረግ፣ ክፍለ ጦርና ወር ይይዛል፤ በዚህ ወር ተገኝቷል፣ በዚያ ወር ታሟል፣ በሌላው ወር ከድቷል ይላል። ከዚያ ያለፈ ነገር አይናገርም።

በምንፈልገው ስም ከቨርጂኒያ ጦር ሦስት ሰዎች ተገኙ። አንዱ የመኮንን ማዕረግ ያለው ነው። የአባቷ ዘመዶች ከብዙ ዓመት በፊት ይህን መኮንን አግኝተው “የእኛ ሰው ይኸውና” ብለው በቤተሰቡ የዘር ሐረግ ላይ ጽፈውት ኖረዋል። ልጅቱም በደስታ ካርዱን ላከችልኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት፦ ያ አያታችሁ ኬንታኪ ከገባ በኋላ መሬት ሲገዛና ሲሸጥ የተዋዋለበት ወረቀት አለ ወይ? አለ። ፈልጋ ላከችው። በውሉ ግርጌ ጸሐፊው ስሙን ጽፎለት፣ እርሱ በስሙ መካከል የመስቀል ምልክት አድርጓል። በሌላውም ውል እንዲሁ ነው። መኮንን ለጭፍራው ስንቅና ልብስ ሲረከብ ደረሰኝ ይፈርማል፣ ለአለቃው ሪፖርት ይጽፋል፤ መጻፍ የማይችል ሰው በዚያ ጦር የመኮንን ሥራ ሊሠራ አይችልም። ሰው በእርጅናው ዓይኑ ሊደክም ይችላል፤ ይህኛው ግን በሠላሳ ዓመቱም ምልክት ሲያደርግ ነበር። መኮንኑ በዚህ ወደቀ። ለአንድ ሳምንት ያህል አባቷ በእኔ ሳይቀየመኝ አልቀረም።

ሌላም የስም ጣጣ ነበር። ቨርጂኒያ ከ1782 ጀምሮ በየዓመቱ የግብር ከፋዮችን ዝርዝር ትይዝ ነበር፤ በዚያ ዝርዝር ላይ በአንድ ካውንቲ፣ ማለትም የእኛን ወረዳ በሚመስለው አስተዳደር፣ ያንኑ ስም የያዙ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ “ትልቁ”፣ ሌላው “ትንሹ” ተብለው ተለይተዋል። ልጅቱ አባትና ልጅ ናቸው አለች። በዛሬው የአሜሪካ ልማድ ትክክል ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን ግን ቃሉ ዕድሜያቸውን ብቻ ይለያል፤ አጎትና የወንድም ልጅ፣ አልፎ አልፎም ምንም የማይዛመዱ ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትልቁ ሲሞት ወይም አገር ሲለቅ ትንሹ “ትልቁ” ይሆናል። እኛ መዝገብ ቤት ውስጥ በአንድ ቀጠሮ አራት መሐመድ አሊዎች ሲጠሩ አይተን፣ የአያታቸውን ስም ጠይቀን የምንለይበትን ጉዳይ እነርሱ በዚህ ዘዴ ነበር የሚወጡት።

በዚህ ጊዜ ነው ለልጅቱ ሥራዬን ሁሉ ሳምንበት የኖርኩትን ነገር የነገርኳት። ጦር ሰውን ይቆጥራል፤ የሚያናግረው ፍርድ ቤት ነው። ወታደር በጦር መዝገብ ላይ ቁጥር ነው፤ እንዲያውም ያ ቁጥር የሚጻፈው ስንቅና ደመወዝ ለመመደብ ነው። ያው ሰው አርጅቶ፣ ደኽይቶ ወይም ተከራክሮ ዳኛ ፊት ሲቆም ግን የት ተወለድህ፣ ማን አዘመተህ፣ ማን ያውቅሃል ይባላል። ስለዚህ ወታደሩን ከዘመተበት ዓመት ሃምሳ ዓመት ዝቅ ብለሽ ፈልጊው አልኳት።

አሜሪካኖቹ ለዚህ የተመቸ ሕግ አላቸው። ኮንግረሳቸው በ1818 ባወጣው ሕግ በመደበኛው ጦር ቢያንስ ዘጠኝ ወር ወይም እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ አገልግሎ አሁን ችግር ላይ የወደቀ ዘማች፣ ተራ ወታደር ከሆነ በወር 8 ዶላር፣ መኮንን ከሆነ 20 ዶላር እንዲያገኝ ተፈቀደ። ጠያቂው ከታሰበው በላይ በዛ፤ ሀብት ያላቸውም ደኸየን ብለው ተሰለፉ። ስለዚህ በ1820 ሌላ ሕግ ወጣና እያንዳንዱ ጡረታ ጠያቂ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያለውን ንብረት በመሐላ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። ልጅቱ ከእነዚህ ዝርዝሮች አንዳንዶቹን አንብባልኛለች፤ አንዲት ላም፣ የተሰነጠቀ ድስት፣ ሁለት ወንበር፣ አሮጌ መጥረቢያ፣ ለዚህም ለዚያም ሰው ያለበት ዕዳ። አገሩን ነጻ ያወጣ ሽማግሌ ድስቱ የተሰነጠቀ መሆኑን ለዳኛ በመሐላ ሲያረጋግጥ ማየት ደስ አይልም፤ ለመዝገብ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የእኛ ሰው በእነዚህ ሕጎች አልተጠቀመም፤ የዘመተው በመደበኛው ጦር አልነበረምና። ሚሊሺያ የሚሉት የእኛን የክተት ዘማች የሚመስል ነው፤ ገበሬው ከየካውንቲው ይጠራል፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ያገለግላል፣ ከዚያም ወደ እርሻው ይመለሳል። የዚህ ዓይነቱን ዘማች የተቀበለው በጁን 7 ቀን 1832 የወጣው ሕግ ነው። ይህ ሕግ ድህነትን ማስረዳት አይጠይቅም፤ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሙሉ ደመወዙን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ፣ ከስድስት ወር ያላነሰ ያገለገለ ደግሞ እንደ አገልግሎቱ መጠን ያገኛል። ጦርነቱ ካበቃ ግማሽ ክፍለ ዘመን ስላለፈው ብዙዎቹ የማሰናበቻ ወረቀታቸውን ያጡ፣ አለቆቻቸውም የሞቱባቸው ናቸው። ስለዚህ የጦር ሚኒስቴሩ ዳኞቹ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ የሚያቀርቧቸውን ሰባት ጥያቄዎች አዘጋጀ። የትና መቼ ተወለድህ? የዕድሜህ ማስረጃ አለህ? ስትዘምት የት ትኖር ነበር፣ ከዚያስ ወዲህ የት የት ኖርህ? በዕጣ ተመለመልህ፣ በፈቃድህ ዘመትህ ወይስ የሌላ ሰው ምትክ ነበርህ፣ ምትክ ከነበርህስ የማን? አብረውህ የነበሩትን አለቆችና ክፍለ ጦሮች ንገረን። የማሰናበቻ ወረቀት ተሰጥቶህ ነበር? በሰፈርህ ስለ እውነተኛነትህ የሚመሰክሩልህ እነማን ናቸው? እኔ በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የዳኛ ጥያቄዎች ውስጥ ይህን ያህል አጭር ሆኖ ይህን ያህል ሰው የሚገልጥ አላየሁም።

ፋይሉ ተገኘ። ሽማግሌው በሴፕቴምበር 1832፣ በ71 ዓመቱ፣ በኬንታኪ በሚኖርበት ካውንቲ ፍርድ ቤት ቀርቦ ምሎ ቃሉን ሰጥቷል። ቃሉ አምስት ገጽ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ ስታነብልኝ “አጎቴ፣ አነጋገሩ እንዴት ያለ የተማረ ሰው ነው!” አለች። አይደለም። “ከላይ በተጠቀሰው ቀንና ዓመተ ምሕረት ከላይ በተጠቀሰው ችሎት ፊት በአካል ቀርቦ” የሚለው የጸሐፊው ነው፤ ጸሐፊው በዚያ ሳምንት ለመጣው ሽማግሌ ሁሉ ያንኑ ጽፏል። እርሷ የሌሎች ሽማግሌዎችን ፋይል ከዚያው ካውንቲ አውጥታ ስታስተያይ እንዳልኩት ሆነ። የጸሐፊውን ቃል እንደ ገለባ አበጥረን ስናስወግድ የሽማግሌው ቃል ወደ አንድ ገጽ ተኩል ዝቅ አለ። ያ ገጽ ተኩል ግን የእርሱ ነው።

ሦስት ጊዜ ዘምቷል። የመጀመሪያው በወንድሙ ምትክ ነው፤ ወንድሙ በዚያ ሰሞን ሚስት አግብቶ ስለነበር ዕጣው ሲወጣበት ታናሹ ሄደለት። ያን ጊዜ ሥራው በቻርሎትስቪል አጠገብ በሰፈር የተያዙትን፣ ሳራቶጋ ላይ የተማረኩትን የእንግሊዝና የጀርመን ወታደሮች መጠበቅ ነበር። ሁለተኛው በ1781 በጋ ነው፤ የእንግሊዙ ጄኔራል ኮርንዋሊስ ቨርጂኒያን ሲያስጨንቅ፣ ለአሜሪካኖቹ የተሰለፈው ፈረንሳዊው ላፋዬት ከሚመራው ጦር ጋር ወዲያና ወዲህ ተጉዟል። ሦስተኛው በዚያው ዓመት መጸው የዮርክታውን ከበባ ነው። ኮርንዋሊስ ኦክቶበር 19 ቀን እጁን ሲሰጥ ከሰባት ሺህ በላይ ሰው ተማረከ፤ የእኛ ሰው ምርኮኞቹን እየጠበቁ እስከ ዊንቸስተር ከሄዱት ሚሊሺያዎች አንዱ ነበር። የሽማግሌው ድምፅ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ውጊያው ሁለት መስመር ተናግሮ ስለ ዊንቸስተር መንገድ ግን ጫማው እንዴት እንዳለቀበትና እግሩን በምን እንደጠቀለለ ግማሽ ገጽ ተናግሯል። ዋሽንግተንንም አይቶታል፤ አንድ ጊዜ፣ በሩቁ፣ በፈረስ ሲያልፍ። የጎራዴው ወግ የበቀለው ከዚህች ዘር ይመስለኛል።

ስህተትም አለበት። ቻርሎትስቪል ምርኮኛ የጠበቀው በ1778 እንደሆነ ተናግሯል፤ ምርኮኞቹ እዚያ የደረሱት ግን በ1779 መጀመሪያ ነው። ልጅቱ ይህን ስታገኝ ሰውዬው ዋሸ ብላ ደነገጠች። እኔ ደግሞ ይህን ሳይ ነው ያመንኩት። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ያየኋቸው ሐሰተኛ ምስክሮች ዓመተ ምሕረት አይሳሳቱም፤ ቀኑን ከነሰዓቱ አጥንተው ነው የሚመጡት። የሃምሳ ዓመት ነገር የሚያስታውስ እውነተኛ ሰው ዓመቱን ይስታል፤ የጫማውን ነገር አይስትም። አንድ ቄስና አንድ ጎረቤት ቀርበው በሰፈሩ የነጻነት ጦርነት ዘማች መሆኑ የታወቀና የታመነ ነው ሲሉ መስክረውለታል። ዘጠኝ ወር ተቆጠረለት፤ የተራ ወታደር ሙሉ ጡረታ በዓመት 80 ዶላር ስለነበር ከሃያ አራቱ ወር የዘጠኙ ድርሻ 30 ዶላር ሆነ። ሕጉ በሚለው መሠረት ከማርች 4 ቀን 1831 ጀምሮ ታስቦ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈለው ነበር።

ታዲያ ይህ ሽማግሌ የልጅቱ አባት አያት መሆኑን ምን ያረጋግጣል? ብዙ ሰው ወታደሩን ሲያገኝ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ከወታደሩ እስከ ራስ ያለው ሰንሰለት ግን ከወታደሩ ይልቅ ያስቸግራል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በ1790 ቢጀመርም እስከ 1840 ድረስ በስሙ የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች በዕድሜ ክልል የተቆጠሩ ጭረቶች ናቸው። እዚህ ላይ የደረሰችልን ባልቴቲቱ ናት። ሽማግሌው በ1839 ሲሞት ሚስቱ ጡረታውን ለመውረስ አመለከተች። የ1838ቱ ሕግ ከ1794 በፊት ያገቡትን ብቻ ይቀበላል፤ እርሷ ያገባችው በ1796 ነው፤ በሁለት ዓመት አመለጣት። በ1848 ሌላ ሕግ ወጥቶ ገደቡ ወደ 1800 ከፍ ሲል ዳግም አመለከተች። ጋብቻዋን ለማስረዳት የሰርግ ወረቀት አልነበራትም፤ የልጆቿ ልደት የተጻፈበትን ገጽ ከቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ቀድዳ ላከች። ያ ገጽ አልተመለሰላትም። የስምንት ልጆች ስም ከነልደት ቀናቸው ይዞ ዛሬም ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ከአራተኛው ልጅ ጀምሮ የልጅቱ አባት ወገን ሰባት ትውልድ ሳይቋረጥ ይቆጠራል። ሰባት ቤት መቁጠር ለእኛ ልጅ ሆነን የምንማረው ነገር ነው፤ እነርሱ ዘንድ የአንዲት ባልቴት ጡረታ ባያስፈልግ ኖሮ አይገኝም ነበር።

ልጅቱ ይህን ከጨረሰች በኋላ “የእኛስ?” አለች። የእኛም አለ። የአያቴ አባት በንጉሥ ሚካኤል ጦር ፈረሰኛ ነበር፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ንጉሡ ጦራቸውን አስከትተው ከደሴ ወደ ሸዋ ሲዘምቱ አብሮ ወርዶ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ቀረ። የዚያን ጦር ተራ ዘማቾች በስም የሚዘረዝር መዝገብ በእጄ ገብቶ አያውቅም፤ አለቃ ጭፍራውን የሚያውቀው በፊቱ ነበር። ሰውዬው በጽሑፍ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም አያቴ በ1950ዎቹ ኩታበር ላይ ካለው ርስት ድርሻዬን ተከለከልኩ ብሎ የአጎቱን ልጆች ከሶ ደሴ ላይ ያገኘው ፍርድ ነው። ዋናውን መዝገብ ለማግኘት ብዙ ደጅ ጠንቼ አልተሳካልኝም፤ መዝገብ ቤት የኖረ ሰው የራሱን መዝገብ አጥቶ ሲዞር ማየት የሚያስቅ ነገር ሳይኖረው አልቀረም። የፍርዱ ግልባጭ ግን በአያቴ ሣጥን ውስጥ በቆዳ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

የርስት ሙግት እንዴት እንደነበረ የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ከሳሽ ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ እስከ ራሱ ትውልዱን ይቆጥራል፤ ተከሳሽ ደግሞ በየደረጃው “ይህን አልወለደም፣ ያኛው መካን ነበር” እያለ ሐረጉን ለመበጠስ ይሟገታል። በእኛ ፋይል የተያዘው ክርክር የወሎ ሰው ብቻ የሚያውቀው ዓይነት ነው። የአያቴ አባት የተወለደው በእስልምና ስም ነው፤ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በነበረው ዘመን አባቱ ሲጠመቅ እርሱም የክርስትና ስም ወጣለት፤ ሲጎረምስ በፈረስ ስሙ መጠራት ጀመረ። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ አሊ ተብለው ተወልደው፣ ሚካኤል ተብለው ተጠምቀው፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ይባሉ የለ! ተከሳሾቹ ይህን ይዘው፣ ርስቱን የወረሰው ሰውና ሰገሌ የሞተው ሰው የተለያዩ ናቸው፣ በመካከላቸውም ዝምድና የለም ሲሉ ተሟገቱ። አሜሪካ ላይ በአንድ ስም ሦስት ሰው አገኘን፤ እዚህ አንድ ሰው በሦስት ስም ተገኘ።

ሦስቱን ስሞች አንድ ያደረጋቸው የአንድ ሽማግሌ ምስክርነት ነው። ምስክሩ ራሱ የሰገሌ ዘማች ነበር። ምሎ እንደተናገረው፣ ጎረቤታሞች ስለነበሩ ሰውዬውን እናቱ በእስልምና ስሙ፣ ቄሱ በክርስትና ስሙ፣ እነርሱ በፈረስ ስሙ ሲጠሩት ሰምቷል፤ በውጊያው ቀን አብረው ነበሩ፤ ሲወድቅ በዓይኑ ባያይም ማምሻውን የሟች አሽከር ፈረሱን ይዞ ሲያለቅስ አግኝቶታል፤ ፈረሱን ኩታበር ድረስ አምጥቶ ለባልቴቲቱ ያስረከበውም ያው አሽከር ነው። ዳኞቹ የፈረሱን ነገር በፍርዳቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅሰውታል። ከዊንቸስተሩ ጫማ ጋር አንድ ነው፤ ማንም አስቦ የማይፈጥረው ነገር ሲነገር ዳኛ ቀና ይላል። አያቴ ረታ፤ ርስቱን ግን ብዙ አልበላበትም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ያ ሁሉ ሐረግ ቆጠራ ሥራ ፈታ። ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ግን የሽማግሌውን የውርስ መዝገብ ኬንታኪ ካለው ካውንቲ ጠይቃ ኖሮ ባለፈው የካቲት ምስሉን ላከችልኝ። እንደ ልማዱ ፍርድ ቤቱ የላካቸው ሦስት ጎረቤቶች ቤቱን ዞረው ንብረቱን ቆጥረው ዋጋ ተምነዋል። ሁለት ፈረስ፣ ላሞች፣ ማረሻ፣ የሱፍ መፍተያ፣ አንድ ድስት ከነክዳኑ። በድስቱና በፈረሶቹ መካከል አንዲት ሴት ልጅ አለች። በዘመኑ አነጋገር ጥቁር መሆኗ፣ ዕድሜዋ አሥራ አንድ ገደማ መሆኑ፣ ስሟም በአንድ ቃል ተጽፎ፣ አጠገቡ ዋጋዋ ተቀምጧል። ዋጋዋ ከከብቶቹ ሁሉ ዋጋ ይበልጣል፤ ሽማግሌው ለነጻነቱ ጦርነት ያገኘውን የአሥር ዓመት ጡረታም ይበልጣል።

ልጅቱ ለዘጠኝ ቀን አልደወለችም። እናቷ ሥራ በዝቶባት ነው አለችኝ፤ እኔ ግን አላመንኳትም። የእህቴ ልጅ እናቷን የምትመስል ጠይም ልጅ ናት፤ ያ ዝርዝር እጇ ሲገባ ምን እንደተሰማት መገመት አያቅትም። እኔም በዚያ ሰሞን ቀደም ብዬ ያልኩትን ነገር ሳብላላ ሰነበትኩ። ፍርድ ቤት ሰውን ያናግራል ብዬ ነበር። ይህችን ልጅ ግን አላናገራትም፤ ቆጠራት እንጂ፣ ያውም ከድስት ጋር። በኬንታኪ ሕግ ብታድግም በነጭ ሰው ላይ ለመመስከር አትችልም ነበር። ከዚያ በኋላ በወጡት የ1850 እና የ1860 ቆጠራዎች ባሮች የሚመዘገቡት በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ነው፤ የራሳቸው ስም አይጻፍም። ነጻ የወጡት ሰዎች በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው።

በአሥረኛው ቀን ደወለች። የ1870ውን ቆጠራ ከዚያ ካውንቲና ከአጎራባቾቹ እያወጣች፣ ያንን አንድ ቃል ስም የያዙና ዕድሜያቸው አርባ ሁለት ገደማ የሆኑ ሴቶችን መዘርዘር ጀምራለች። እስከዚያ ቀን አምስት አግኝታ ነበር። ከሽማግሌው ስምንት ልጆች ያቺ በዝርዝሩ ላይ ያለችው ልጅ ለማን እንደደረሰች የውርስ ክፍፍሉ ወረቀት ስለሚናገር አስቀድማ እርሱን እንድትጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ የዚያን ወራሽ ጎረቤቶች በ1870 እንድትመለከት መከርኳት። ጻፈችው። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ “አጎቴ፣ ፈረሱን ያመጣው ሰውዬስ ስሙ ማን ነው?” አለችኝ።

ግልባጩን ከሣጥኑ አውጥቼ እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። “የሟች አሽከር” ይላል፤ አራት ቦታ ላይ ይላል። በእኛም አገር ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነውና “አሽከር” የሚለው ቃል በ1909 ምን ምን ሊሸፍን እንደሚችል አውቃለሁ። ኩታበር ላይ የእናታቸው እናት በዚያ ቤት ያደጉ አንድ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው እመት አሉ ብለውኛል። ቅዳሜ ለገበያ በሚወጣው መኪና ሄጄ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ።